የድሮ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ፦ ዘመኑን እንዴት እንለያለን? ሸክላውስ ከየት ይሰበሰባል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሸክላ በብብቴ ይዤ ፒያሳ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቀኛል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» «የፊልም ሙዚቃ።» «የማን ዘፈን?» «ዘፈን አይደለም፤ ማጀቢያ ነው።» ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን እንደሆነ መደርደሪያው ጋ ስንደርስ ይገባችኋል።

ማጀቢያ ስትል ፊልሙ ውስጥ ያለውን ዘፈን ማለትህ ነው?

ዘፈንም ሊኖርበት ይችላል። እኔ በዋናነት የምሰበስበው ግን ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰውን ሙዚቃ ነው። ሰውየው ደረጃውን ሲወጣ ከኋላ የሚሰማው፣ በሩ ሳይከፈት ልባችንን የሚሰቅለው። ተዋናዮቹ አይሰሙትም። የምንሰማው እኛ ብቻ ነን። የህንድ ፊልም ላይ ይህ አከፋፈል አይሠራም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዘመኖቹ ስንት ናቸው?

ማንም ያጸደቀው ዝርዝር የለም። ሰብሳቢዎች በብዛት የሚስማሙባቸው ስሞች ሁለት ናቸው፦ ወርቃማው ዘመንና የብር ዘመን። ፊልም ስኮር መንዝሊ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ሲዲ ማሳተም ሲጀምርም ሁለቱን ተከታታዮቹን በእነዚሁ ስሞች ነበር የጠራቸው። እኔ ለራሴ ስድስት ቦታ እከፍለዋለሁ።

የመጀመሪያው ድምፅ አልባው ዘመን ነው፤ ከ1895 እስከ 1927 ገደማ። ፊልሙ ዝም ይላል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ፒያኖ ወይም ኦርኬስትራ አለ። በ1908 ፈረንሳዊው ካሚል ሳን ሳንስ ለአንድ ፊልም ብሎ ሙዚቃ ደረሰ። የታወቀ የሙዚቃ ሰው ለሲኒማ ሲጽፍ ያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አዲስ አበባም ሲኒማን ያወቀችው በዚሁ ዘመን ነው። ሰዉ ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ አየና ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው። ከዚህ ዘመን የሚሰበሰብ ሸክላ እምብዛም የለም፤ ሙዚቃው እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተጫውቶ ቀረ።

ሁለተኛው አጭር ነው፤ እስከ 1932። ድምፅ መጣ፣ ሙዚቃ ግን ጠፋ። የፊልም ሠሪዎቹ ሥጋት «በረሃ መሃል ኦርኬስትራው ከየት መጣ ብሎ ተመልካች ቢጠይቅስ?» የሚል ነበር። አሁን ሲሰሙት ያስቃል።

ሦስተኛው ወርቃማው ዘመን ነው። ብዙ ሰው በ1933 ከኪንግ ኮንግ ይጀምረዋል። የሙዚቃው ደራሲ ማክስ ስታይነር የቪየና ልጅ ነው። ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድም ቪየና ያደገ የኦፔራ ደራሲ ነበር፤ በ1938 በሮቢን ሁድ ፊልም ኦስካር አገኘ። ሚክሎሽ ሮዣ ከሃንጋሪ፣ ዲሚትሪ ቲዮምኪን ከዩክሬን። እነዚህ ሰዎች የኦፔራን ልማድ ይዘው ሆሊውድ ገቡ። ልማዱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ዜማ አለው። የሰርግ ቤት ዘፈን አስቡ። ሙሽራው ሲገባ የሚዘፈነው ሌላ ነው፣ ሙሽሪት ስትወጣ የሚዘፈነው ሌላ። ውጪ ቆማችሁ ሳታዩ ማን እንደገባ ታውቃላችሁ። ወርቃማው ዘመን እንደዚያ ነው የሚሠራው። ኦርኬስትራው ትልቅ ነው፣ ሙዚቃው ዝም አይልም፤ አንዳንዴም እጅን ይዞ «አሁን አልቅስ» ይላል። እወደዋለሁ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ግን አልችለውም።

አራተኛው ሃምሳዎቹ ናቸው። አሌክስ ኖርዝ በ1951 ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር በተባለው ፊልም ላይ ጃዝ አስገባ። በ1952 ሃይ ኑን በአንድ የባላገር ዘፈን ተጀመረ፤ ዘፈኑ ፊልሙን ይዞት ዞረ። ኤልመር በርንስታይን በ1955 ለዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም ጥሩንባና ከበሮ ከጃዝ ቤት አመጣ። ከጀርባ ያለው ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቴሌቪዥን ተመልካቹን ወሰደ። ስቱዲዮዎቹ በቋሚ ደመወዝ ይዘዋቸው የነበሩት ኦርኬስትራዎችም በ1958ቱ የሙዚቀኞች ሥራ ማቆም አድማ ሳቢያ ተበተኑ። ሙዚቀኛ በቀን ሂሳብ ሲሆን ሰማንያ ሰው መጥራት ይከብዳል።

አምስተኛው የብር ዘመን ነው፤ ከስልሳ እስከ ሰባ ስድስት። ደራሲዎቹ ሄንሪ ማንቺኒ፣ ጆን ባሪ፣ ሞሪስ ዣር፣ ኒኖ ሮታ፣ ጄሪ ጎልድስሚዝ፣ ኤኒዮ ሞሪኮኔ። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ፉጨት፣ ፈንክ (የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ)። አይዛክ ሄይስ በሻፍት ዘፈን ኦስካር የወሰደውም በዚህ ዘመን ነው፤ ፊልሙ የ1971 ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከዘመኖቹ ሁሉ ምርጡ ይህ ነው። አድልዎ አለበት፣ አልክድም።

ስድስተኛው በ1977 ይጀምራል። ጆን ዊልያምስ ለስታር ዋርስ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ይዞ የወርቃማውን ዘመን አሠራር መልሶ አመጣው። በዚያው ሰሞን ሌላው መንገድ ተከፈተ፤ ጆርጂዮ ሞሮደር በ1978፣ ቫንጌሊስ በ1981 ሥራቸውን በአብዛኛው በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥረው መሣሪያ) ሠሩ፣ ሁለቱም ኦስካር አገኙ። እኔ 1985 አካባቢ አቆማለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን «ክላሲክ» ለማለት አንደበቴ አልተፈታም።

ታዲያ በዓመት ብቻ መክፈል አይቀልም?

ይቀላል፣ ግን ያሳስታል። በርናርድ ኸርማንን ውሰዱ። የመጀመሪያ ፊልሙ በ1941 የወጣው ሲትዝን ኬን ነው። በዓመት ካያችሁት ወርቃማው ዘመን መሃል ቁጭ ብሏል። ሙዚቃውን ስትሰሙት ግን ረጅም ዜማ የለውም። ሁለት ሦስት ድምፅ ይይዝና እሱኑ እያዞረ ያስጨንቃችኋል። አሠራሩ ከሃያ ዓመት በኋላ ከመጡት ጋር ነው የሚሄደው። በተቃራኒው ሮዣ በ1959 ለቤን ሁር የጻፈው የወርቃማው ዘመን ልጅ ነው፤ በዙሪያው ያለው ዓለም ጃዝ ጃዝ ሲል እሱ መለከቱን ይነፋል።

ስለዚህ እኔ የምለየው በአሠራሩ ነው። ሙዚቃው ሰውን ይከተላል ወይስ ስሜትን? ዝም የሚልበት ጊዜ አለው? መሣሪያው የሲምፎኒ ነው ወይስ መንገድ ላይም የሚገኝ? እነዚህን ሦስቱን ከመለሳችሁ ዓመቱ ብዙ አያስጨንቃችሁም።

ጆሮዬን በምን ላለማምድ?

በሁለት ቁራጭ ሙዚቃ። አንዱ ሳይኮ የተባለው ፊልም የመታጠቢያ ቤት ትዕይንት ነው፤ 1960፣ ኸርማን። የፊልሙ ዳይሬክተር ሂችኮክ እዚያ ቦታ ላይ ሙዚቃ አልፈለገም ነበር። ኸርማን ግን ጽፎ አሰማው፣ ሂችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። ፊልሙ ውስጥ ከቫዮሊን ቤተሰብ ውጭ ሌላ መሣሪያ የለም፤ ከበሮ የለም፣ ጥሩንባ የለም። ቫዮሊኖቹ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ወጥተው እየፋጩ ይጮኻሉ፤ ቢላ ሲሳል የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ ወፍራሞቹ ክሮች ከታች ይመጡና ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ምስሉ ባይኖርም ውሃው ሲፈስ ይታያችኋል።

ሁለተኛው ሞሪኮኔ በ1964 ለኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ የሠራው ነው። በጀቱ ትንሽ ነበር፤ ትልቅ ኦርኬስትራ አይታሰብም። ሰው ያፏጫል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ጊታሩ ብቻውን ይሄዳል። ጅራፉን ስሰማ ሁልጊዜ ቡሄ ትዝ ይለኛል። ከዚህ በኋላ የ1938ቱን የኮርንጎልድ ሙዚቃ አስከትሉ። ልዩነቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

የህንድ ፊልሞችስ የት ይመደባሉ?

ለብቻቸው። እናቴ ሂንዲ አንድ ቃል አታውቅም፤ ቡና ስትቆላ የምታንጎራጉረው ግን የህንድ ዜማ ነበር። የእሷ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ብዙው እንደዚያ ነው። ስለዚህ የህንዱን ትቶ ስለ ፊልም ሙዚቃ ማውራት ለዚህ ከተማ ሰው ግማሽ ወሬ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው። እዚያ ፊልሙን የሚሸከመው ዘፈኑ ነው። ተዋናይዋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፁ ግን የላታ ማንጌሽካር ወይም የሌላ ዘፋኝ ነው። ዘፈኖቹ ብዙ ጊዜ ከፊልሙ ቀድመው ለገበያ ይወጣሉ፤ ከኋላ የሚሰማው ሙዚቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይታተምም። የሃምሳዎቹና የስልሳዎቹ ደራሲዎች እንደ ናውሻድ ያሉት ናቸው፤ የ1957ቱ ማዘር ኢንዲያ የእሱ ሥራ ነው። ከዚያ ሰባዎቹ መጡ፣ አር ዲ በርማን ፈንኩንና ጊታሩን ይዞ ገባ። የ1975ቱ ሾሌይ ከዘፈኑ ሌላ ንግግሩም ለብቻው በሸክላ ታትሟል። ሰው ተዋናዮቹ የሚናገሩትን በቃሉ ለመያዝ ሸክላ ይገዛ ነበር ማለት ነው። እኔ የማላውቀውን ቋንቋ ንግግር አንድ ሙሉ ገጽ አዳምጫለሁ። ክፉውን ሰውዬ በሳቁ ለየሁት።

የእኛ ፊልሞችስ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ረጅም ዝርዝር ይጠብቃል። ዝርዝሩ አጭር ነው። ሂሩት አባቷ ማነው የተሠራው በእኛ 1957 ዓ.ም. ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ፊልም ይባላል። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ሙዚቀኛ ጠፍቶ አልነበረም። ብሔራዊ ትያትር ኦርኬስትራ ነበረው፤ የሙዚቃ ደራሲው ነርሲስ ናልባንዲያን እዚያ ነበር የሚሠራው። ነገር ግን ሸክላ አሳታሚው ገበያውን ያየው ዘፈን ላይ ነው። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 ከመቶ በላይ ሸክላ አሳትሟል፤ ዝናው የመጣው ከዘፋኞቹ ነው።

ከቅርቡ የኃይሌ ገሪማ ጤዛ አለ፤ 2008። ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር ናቸው። ሳክስፎኑን ስሙት።

ክርክር የሚያስነሳው ግን የሙላቱ አስታጥቄ ጉዳይ ነው። በ2005 በወጣው ብሮክን ፍላወርስ ውስጥ የሙላቱ ሙዚቃ አለ። የዋናው ሰውዬ ጎረቤት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፣ ሰውየውም መኪና ውስጥ ያንን እያዳመጠ ይነዳል። ሙዚቃው ግን የተቀዳው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው፤ ለፊልምም አልተሠራም። ታዲያ የትኛው ዘመን? አንድ ወዳጄ «የፊልሙ ዓመት ነው የሚቆጠረው» ብሎ ሁለት ማኪያቶ አስጨርሶኛል። እኔ በቀረጻው ነው የምሄደው። እሱ ግን ተዋናዩ ራሱ የሚሰማው ሙዚቃ ማጀቢያ ነው ወይ ብሎ ሌላ ጥያቄ አመጣ። እስካሁን አልተዘጋም።

ሽፋኑ ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድትራክ» የሚል ካለ ፊልሙ ላይ የሰማሁት ነው ማለት ነው?

አይደለም! ሰብሳቢን በጣም የሚያበሽቀው ይህ ነው። ማንቺኒ ብዙዎቹን ሥራዎቹን ለሸክላ ሲል እንደገና ነው የቀረጸው፤ ለቤት ውስጥ ማዳመጫ እንዲመች፣ ለዳንስ እንዲሆን። በ1961 የወጣው የብሬክፋስት አት ቲፋኒስ ሸክላ እንደዚያ ነው። ፊልሙ ላይ ያለው ቀረጻ የታተመው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ጆስ የተባለው የ1975ቱ ፊልም አልበምም ለአልበሙ እንደገና የተቀዳ ነው። የፊልሙ ቀረጻ በሲዲ የወጣው በ2000 ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ብሌድ ራነር ነው። ፊልሙ በ1982 ወጣ። የቫንጌሊስ አልበም የወጣው በ1994። በመሃል አሥራ ሁለት ዓመት ሰዉ የገዛው ሌላ ኦርኬስትራ የተጫወተውን ነበር። ገዝቶ ቤት ገብቶ መርፌውን ያስቀመጠ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አስቡት።

እንደገና የተቀዳ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የኦርኬስትራ መሪው ቻርልስ ገርሃርት ከ1972 ጀምሮ አር ሲ ኤ ለተባለው ሸክላ አሳታሚ የቀረጻቸው የወርቃማው ዘመን ሥራዎች ድምፃቸው ከፊልሞቹ ይበልጣል። የ1930ዎቹ የፊልም ድምፅ ጠባብ ነው፤ ኮርንጎልድ የጻፈውን በትክክል የሰማነው በእሱ ነው። ለመጀመሪያ ሰብሳቢ የምመክረውም እነሱን ነው።

አንድ ሌላ ዓይነትም አለ። የሶቪየቱ የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ በ1938 ለአሌክሳንደር ኔቭስኪ ፊልም የጻፈውን ሙዚቃ በዓመቱ ለመድረክ አድርጎ አሻሻለው። ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ ሰዎች ቤት ሜሎዲያ የሚል መለያ ያለበት ሸክላ አይጠፋም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ሽፋኑ ላይ «ካንታታ» (ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ የተጻፈ የመድረክ ሥራ) የሚለውን ቃል ፈልጉ። ካለ፣ የያዛችሁት የመድረኩን ነው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሸክላው ለምን ሠላሳ ደቂቃ ሆነ?

አንደኛ፣ የሸክላ አንድ ገጽ ድምፁ ሳይበላሽ የሚይዘው ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ የተቀዳ የፊልም ሙዚቃ በሸክላ ሲወጣ ለሙዚቀኞቹ ማኅበር እንደገና ክፍያ አለ። የታተመው ደቂቃ በጨመረ ቁጥር ክፍያውም ይጨምራል። ስለዚህ የሲዲ ዘመን መጥቶ እንኳ ሰማንያ ደቂቃ በሚይዝ ሲዲ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ የታተመባቸው ብዙ አሉ። እንደ ኢንትራዳ፣ ላ ላ ላንድ እና ቫሬዝ ሳራባንድ ያሉ አሳታሚዎች ቀስ በቀስ ሙሉውን ማውጣት ጀመሩ፤ በአንድ ሺህ ወይም በሦስት ሺህ ቅጂ ተወስኖ ነው የሚታተመው፤ ካለቀ አለቀ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከየት አገኛለሁ?

መርካቶ ምናለሽ ተራ ጀምሩ። ጠዋት ሂዱ። «ሸክላ አለ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የአማርኛ ዘፈን ነው የሚያወጡላችሁ፤ እሱ ዛሬ ውድ ነው። ፈረንጅ ስለሚፈልገው ነጋዴው ዋጋውን ያውቃል። የፊልም ሸክላ ግን ከታች ነው ያለው፣ አቧራ ለብሶ። «ያን የፈረንጁን አሳየኝ» በሉ። ደስ ያለው መስላችሁ አትታዩ። እኔ የሞሪስ ዣርን የዶክተር ዢቫጎ ሽፋን ሳይ ፊቴ በርቶ ዋጋው እዚያው እጥፍ ሆነ። ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሳወጣው ውስጡ ያለው የፈረንሳይኛ ቋንቋ መማሪያ ነበር። «ቦንዡር ማዳም» አለኝ። ሽፋኑ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።

ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉት የባህል ዕቃ መደብሮችም አንዳንዴ አላቸው፤ ዋጋው ግን የቱሪስት ነው። ፒያሳ ድሮ ከሙዚቃ ቤት ሙዚቃ ቤት እየዞርን ነበር። በ2024 ሰፈሩ ብዙው ሲፈርስ ደንበኞቼ የነበሩት ተበተኑ። አንዱን በስልክ አገኘሁት፣ አሁን የሚሸጠው የስልክ ሽፋን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ቁራሌው ነው። በሰፈራችሁ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ ተዋወቁት። ስልካችሁን ስጡት። ሰው ቤት ሲያጸዳ፣ አያት ሲያርፉ፣ የድሮ ሣጥን ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። የእኔ ልጅ አሁን «ጋሼ፣ ሥዕሉ ሽጉጥ ያለበት አግኝቻለሁ» እያለ ይደውላል። ሽጉጥ ያለበት ካውቦይ ወይም ጄምስ ቦንድ ነው፤ እሄዳለሁ።

ምን ይገኛል ምን አይገኝም የሚለውንም እወቁ። እዚህ ያለው እዚህ የታየውን ፊልም ይከተላል፤ የጣሊያን፣ የህንድ፣ የስልሳዎቹ አሜሪካ፣ በደርግ ጊዜ የሶቪየት። የ1940ዎቹን ሸክላ መርካቶ ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሮዣ በ1942 ለጃንግል ቡክ የሠራው በ78 ሸክላ (በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው የድሮ ሸክላ) ወጥቷል፤ ዘፈን ላልሆነ የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃ የመጀመሪያው ነው ይባላል። የስታይነር ዘ ኬይን ሚዩቲኒ ደግሞ በ1954 ገበያ ሳይገባ ተሰብስቦ ዛሬ በዓለም ላይ ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ምናለሽ ተራ ካገኛችሁት ለማንም ሳትናገሩ ለእኔ ደውሉ።

ስገዛ ምኑን ነው የማየው?

ከሽፋኑ ውስጥ አውጡት። ነጋዴው ቢቆጣም አውጡት፤ ፈረንሳይኛውን አትርሱ። ወደ ፀሐይ አዘንብላችሁ እዩ። ፀጉር የመሰለ ቀጭን መስመር ችግር የለውም። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት የሚይዝ ጭረት ግን ሲጫወት ቋ ቋ ይላል። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ወረቀቱ ላይ የማጫወቻው መሃል ዘንግ ብዙ ዱካ ካለ ብዙ የተጫወተ ነው።

ቀጥሎ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ድረስ ያለውን ለስላሳ ቦታ ተመልከቱ። እዚያ ላይ ቁጥርና ፊደል ተፈልፍሎ ታገኛላችሁ። ያ ቁጥር ከሽፋኑ ይበልጥ እውነት ይናገራል፤ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ሽፋንና ሸክላ የተገናኙ መሆናቸውን። ዲስኮግስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ስትጽፉት ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ያስታውሱ፦ የፊልሙ ዓመትና የሸክላው ዓመት ሁለት ነገር ናቸው። የ1966 ፊልም ሸክላ በ1978 ጣሊያን የታተመ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው «የጃንሆይ ጊዜ ነው» ሲል ስለ ፊልሙ ነው የሚያወራው።

ለማጫወት ደግሞ ፍጥነቱን እዩ። 78ቱ ክሩ (መርፌው የሚሄድበት ቦይ) ሰፊ ነው፤ የራሱ መርፌ ይፈልጋል። ቀስ ብሎ በሚዞረው በ33ቱ ሸክላ መርፌ ብታጫውቱት ድምፁም ጥሩ አይሆንም፣ መርፌውም ይጎዳል። ስሙ ሸክላ ነውና ከወደቀም እንደ ሸክላ ይሰበራል።

ማጠቢያውና ማስቀመጫውስ?

የተጣራ ውሃ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። በክሩ አቅጣጫ ዙሩ፣ አታቋርጡ። ወረቀቱን አታርጥቡ። አንድ ሰው በካቲካላ ጥረገው ብሎኛል። ለ78ቱ አልኮል ጨርሶ አይሆንም፤ ያሟሟዋል። ካቲካላውን ጠጡት።

አቁማችሁ ደርድሩ እንጂ አትደራርቡ። ፀሐይ አታስነኩ። ከውጭ ያዘዝኩት አንድ ሸክላ መንገድ ላይ የት እንደተቀመጠ እንጃ፣ እንደ አከንባሎ ጎብጦ ደርሶኛል። ክረምት ላይ ደግሞ ጠላታችሁ እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ሽፋኑ ላይ ሻጋታ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ካሴትስ?

የህንድ ፊልም ዘፈን በካሴት ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ ነው። ለትዝታ ግዙ። ለድምፅ አትግዙ።

መደርደሪያዬ ላይ በምን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ?

የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። ሽፋኖቹ ጀርባ ላይ በእስክሪፕቶ ዓመት እየጻፍኩ ደረደርኩ። ስሜት ሲመጣልኝ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላ ቀን በፈረንጅ። አንድ ቅዳሜ ሳየው «1960» የሚል ሁለት ሸክላ ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ ሳይኮ ነው። ሌላው የጎልድስሚዝ ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ፤ እሱ የ1968 ነው፣ በእኛ 1960። ስምንት ዓመት ተዘሎ ዝንጀሮዎቹ መታጠቢያ ቤት ገብተዋል። ሙሉ ቀን ፈጅቶ ነው ያስተካከልኩት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ የማደርገው ለዚህ ነው።

አሁን የምደረድረው መጀመሪያ በዘመን፣ ከዚያ በደራሲ ነው። ኸርማን ለብቻው ቦታ አለው፤ የትም አልገባ ስላለኝ። ሽፋኑ ላይ ግን በእርሳስ ብቻ ጻፉ።

ማጫወቻ የለኝም፤ ከምን ልጀምር?

ከማዳመጥ። በስልክም ቢሆን ከስድስቱ ዘመን አንድ አንድ ሥራ ለሁለት ሳምንት ስሙ። የምትመለሱበት የትኛው እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል፤ ሁሉንም ለመሰብሰብ የተነሳ ሰው ጓዳውንም ሰላሙንም ያጣል። ከዚያ ማጫወቻ ፈልጉ። አሮጌ ስትገዙ እዚያው ሱቅ አስጫውታችሁ ስሙ፤ ሙዚቃው ካዘገመ ላስቲኩ ላልቷል፣ እሱ ይቀየራል። መርፌ ፍለጋ ስትወጡ አሮጌውን ነቅላችሁ በክብሪት ቀፎ ይዛችሁ ሂዱ። ዓይነቱን በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።